በአትክልት ሳጥን የሚሠራ የኦቨን ድርብርብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሳምንቱ የአትክልት ሳጥን የሚደርሳቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው ደርድሬዋለሁ።

የአትክልት ሳጥን ሲባል ምን ማለት ነው?

የአንድ አካባቢ ሰዎች ተሰባስበው ከአንድ ወይም ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ይስማማሉ። ገንዘቡን ብዙ ጊዜ ቀድመው ይከፍላሉ፤ የወሩን ወይም የወቅቱን በሙሉ። ገበሬው ደግሞ በየሳምንቱ ማሳው ላይ የደረሰውን ለቅሞ በሳጥን ያከፋፍላል። ምርቱ ሲትረፈረፍ ሳጥኑ ይሞላል፤ ተባይ ወይም በረዶ ሲመታው ይሳሳል። ትርፉንም ጉዳቱንም አብሮ መካፈል ነው። አሠራሩ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ቴይኬይ» በሚል ስም ተስፋፋ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነው የጀመሩት።

ለሚያበስል ሰው ትልቁ ለውጥ፣ ምን እንደሚበላ የሚወስነው ማሳው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። እኔ አሁን ሌላ ዓይነት ማብሰል አልፈልግም።

ለምንድን ነው ድርብርብ ለሳጥን ይስማማል የሚባለው?

ከሳጥኑ የሚወጣው ነገር አይመጣጠንም። ሦስት ካሮት፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ዝኩኒ፣ የቆስጣ እስር፣ ትንሽ ዱባ። አንዱም ለብቻው ቤተሰብ አያጠግብም። በአንድ መጋገሪያ ተደርድረው ነጭ ስጎ ሲፈስባቸው፣ ላያቸው ላይ ፍርፋሪ ዳቦና ቺዝ ሲነሰነስ ግን ሙሉ ራት ይሆናሉ። ይህን ምግብ እኔ «ድርብርብ» ነው የምለው፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

መሠረታዊ አሠራሩ እንዴት ነው?

ከ4 እስከ 6 ሰው ለሚያበላ፣ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መጋገሪያ፣ ተልጦና ተከትፎ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ የሚሆን አትክልት ያስፈልጋል። ለስጎው 50 ግራም ቅቤ፣ 50 ግራም የስንዴ ዱቄትና 600 ሚሊ ሊትር ወተት። ለላዩ ሁለት እፍኝ ፍርፋሪ ዳቦና 100 ግራም ያህል የተፋቀ ቺዝ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት።

ቅቤውን በድስት አቅልጡ። ዱቄቱን ጨምራችሁ በቀስታ እሳት ለሁለት ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ መቅላት የለበትም። ወተቱን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ እንዳይጓጉል ምቱት። ማንኪያውን ከሸፈነና በጣታችሁ ያሰመራችሁበት መስመር ቶሎ ካልተገናኘ ደርሷል። ጨው እዚህ ላይ አትፍሩ፤ አትክልቱ ጨው ይበላል።

ጠንካራ አትክልቶችን ቀድማችሁ በከፊል አብስሉ። ውሃ የሚበዛባቸውን አድርቁ። ከዚያ ደርድሩ፣ ስጎውን አፍስሱ፣ ፍርፋሪውንና ቺዙን ነስንሱና በ190 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩ። ዳር ዳሩ ሲንተከተክና ላዩ ወርቅማ ሲሆን ይወጣል። ሳትቆርሱት 10 ደቂቃ ይረፍ። ስጎው የሚረጋው በዚያች ጊዜ ነው። የአትክልቱን ዓይነት እንደ ሳጥኑ ቀያይሩት፤ የስጎውንና የአትክልቱን መጠን ግን ጠብቁ።

ሳጥኑ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ግማሽ ሰዓት ስጡት። ሳጥኑን ኩሽና ጥግ አስቀምጦ «ነገ አየዋለሁ» ማለት ግማሹን አትክልት ያጠፋል። የካሮትና የቀይ ስር ቅጠል ወዲያውኑ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ሥሩን ያልፈሰፍሰዋል። ቅጠላ ቅጠሉን በትንሹ እርጥብ በሆነ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ቲማቲም በደንብ ካልበሰለ ከፍሪጅ ውጪ ይቆይ።

ድንችና ሽንኩርት ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ግን አንድ ላይ አይቀመጡ፣ ቶሎ ይበላሻሉ። ድንች ፍሪጅ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ቅዝቃዜው ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይረዋል፤ ከዚያ ሲጋገር ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። ሥራ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር እስክትጠቀሙበት ድረስ አትጠቡት። እርጥበት ነው የሚያበሰብሰው፤ ደረቅ አፈር አይጎዳውም።

የትኛውን አትክልት ቀድሜ ልጨርስ?

ቆስጣ፣ ሰላጣና ለስላሳ ቅጠሎች በሁለት ሦስት ቀን። ዝኩኒ፣ ብሮኮሊና ፎሶሊያ ከዚያ ቀጥሎ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ድንች ሳምንታት ይታገሳሉ። ያልተቆረጠ፣ ቆዳው የጠነከረ ዱባ ወራትም ይቆያል። ስለዚህ በሳምንቱ መጀመሪያ የሚሠራው ድርብርብ ቅጠል የበዛበት፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሠራው ደግሞ ሥራ ሥር የበዛበት ቢሆን ምንም አይጣልም።

የጠወለገ ቅጠል ቶሎ አይጣል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ካልበሰበሰ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ?

አትክልቱ ቀድሞ በከፊል ከበሰለ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። ጥሬ የድንች ቁራጭ ካለበት ግን 180 ዲግሪ ላይ በፎይል ተሸፍኖ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉ ተነሥቶ 25 ደቂቃ ያህል። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 20 ዲግሪ ቀንሱ። ሰዓቱን ብቻ አትመኑ። ቢላ መሐሉ ላይ ስኩ፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል።

ድርብርቤ ሁልጊዜ ውሃ ያጠራቅማል። ምን አጠፋሁ?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መልሱ ከሌላው ሁሉ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ይህ ከተስተካከለ የድርብርብ ችግር አብዛኛው ይስተካከላል። ዝኩኒና ቲማቲም ከክብደታቸው 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ቆስጣም 90 በመቶ ይደርሳል። ድንች ግን ወደ 80 በመቶ ነው፤ የቀረው ስታርች ስለሆነ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ግን ሙቀት ሲነካቸው ውሃቸውን ይለቁታል። ስጎው ይቀጥናል፣ ሳህኑ ሐይቅ ይሆናል። ላዩም አይቀላም፤ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፤ ለመቅላት ደግሞ ከ140 በላይ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ውሃውን ከኦቨኑ በፊት ማስወጣት ነው። ዝኩኒና ደበርጃንን ቆርጣችሁ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በእጅ ጭመቁት፤ በጨርቅ አድርቁት። ጨው በዝቶ ከመሰላችሁ ፈጠን አድርጋችሁ አለቅልቁት። ቆስጣን መጥበሻ ላይ ያለ ውሃ አሟሽሹት፤ ሲበርድ በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ጭመቁት። ግማሽ ኪሎ ቆስጣ ሲጨመቅ ጭብጥ ነው የሚያክለው። የወጣውን ውሃ ስታዩ ይህ ሁሉ ሳህኑ ውስጥ ሊገባ ነበር ትላላችሁ። ቲማቲም ከሆነ ፍሬውንና ፈሳሹን አውጡለት፤ ወይም ቆርጣችሁ በ200 ዲግሪ ለብቻው 20 ደቂቃ አድርቁት።

ሌላው ስህተት መጋገሪያውን እስከ አፉ መሙላት ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተከመረ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ሁለት ሳህን ላይ ቢከፈል ይሻላል። የተቀቀለ አትክልትም ካጠለላችሁት በኋላ ትኩሱ ድስት ውስጥ መልሳችሁ አንድ ደቂቃ አወዛውዙት። እንፋሎቱ ሲወጣ ታዩታላችሁ።

አንዱ አትክልት ሲፈርስ ሌላው ጥሬ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሁሉንም እኩል ስለምንቆርጥ ነው። ጠንካራው ቀጭን፣ ለስላሳው ወፍራም ይቆረጥ። ድንች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ካሮት እንዲሁ፣ ዝኩኒ 1 ሴንቲ ሜትር። ዱባን በ2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቆርጣችሁ ዘይት ቀብታችሁ በ200 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ጋግሩት፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ካሮትና ድንችን በጨው ውሃ ለ5 ደቂቃ ቀቅሉ። አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ሦስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ቃሪያና ቅጠል ሳይቀቀሉ ይገባሉ።

የማላውቀው አትክልት ሳጥኑ ውስጥ ቢመጣስ?

መጀመሪያ የላከላችሁን ገበሬ ጠይቁ። ስሙንና የሚበላውን ክፍል ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከዚያ ትንሽ ቁራጭ በዘይትና በጨው ኦቨን ውስጥ ጋግራችሁ ቅመሱ። እንደ ድንች ከሆነ ድንች ቦታ ይገባል፤ እንደ ጎመን ከሆነ ጎመን ቦታ። ኮልራቢ ለምሳሌ መልኩ ያስፈራል እንጂ ሲላጥ ጣዕሙ የጎመን ግንድ ነው፤ በቀጭኑ ከተቆረጠ ከድንች ጋር በደንብ ይሄዳል።

በተከታታይ ሦስት ሳምንት ጥቅል ጎመን መጣ። ቤተሰቡ ሰልችቶታል።

ይገባኛል። ጎመኑን ከመቀቀል ወደ መጥበስ አምጡት። ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ፣ ሰፊ መጥበሻ ላይ በዘይት፣ ሞቅ ባለ እሳት ዳሩ እስኪጠቁር ተዉት። ቶሎ ቶሎ አታማስሉት። ጎመን ብዙ ሲቀቀል ነው ያ ሰው የሚጠላው የሰልፈር ሽታ የሚመጣው። ሲጠበስ ግን ጣፋጭ ይሆናል። ቀስ ብሎ ከበሰለ ሽንኩርትና ከድንች ጋር ተደርድሮ ትንሽ ሰናፍጭ ስጎው ውስጥ ሲገባ፣ «ጎመን ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው እኔ ቤት የለም።

ቅጠሉንና ግንዱንስ ልጣለው?

አይጣል። የቀይ ስር ቅጠል እንደ ቆስጣ ይሠራል። የብሮኮሊ ግንድ ወፍራም ቆዳው ሲላጥ ከአበባው ይልቅ ይጣፍጣል፤ የአበባ ጎመን ቅጠልም ይጠበሳል። የካሮት ቅጠል ተፈጭቶ ከፍርፋሪ ዳቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ግሩም መሸፈኛ ይወጣዋል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን አይበላም። የሩባርብም ቅጠል መርዛም ነው፤ የሚበላው ግንዱ ብቻ ነው።

ቀይ ስር ሁሉንም ነገር ቀይ አደረገብኝ።

ቀለሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ ለዚህ ነው ወደ ስጎው የሚሄደው። ቀይ ስሩን ሳትልጡ በፎይል ጠቅልላችሁ በ200 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ለብቻው ጋግሩት። ቆዳው በጣት ይላጣል። ከዚያ ታች አንድ ድርብ አድርጉት፤ ላዩ ላይ ድንች ይምጣ። ስጎው ትንሽ ሮዝ ቢሆን አትጨነቁ።

ወተትና ቺዝ የማይበላ ሰው ካለስ?

በቅቤ ፋንታ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በወተት ፋንታ የአትክልት መረቅ። አሠራሩ ያው ነው። እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ነጭ ባቄላ ከመረቁ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ፍጩት። ይወፍራል፣ ያጠግባል፣ እንደ ክሬም ይሆናል። ላዩን በፍርፋሪ ዳቦ፣ በዘይትና በተፈጨ ለውዝ ሸፍኑት። ስንዴ የማይስማማው ካለ ደግሞ ዱቄቱን ግማሽ በሚሆን የበቆሎ ስታርች ተኩት፤ በቀዝቃዛ ወተት ወይም መረቅ በጥብጣችሁ ነው የምትጨምሩት።

ኦቨን ከሌለኝ ይሠራል?

ይሠራል። ወፍራም ግንብ ያለውን ድስት ውሰዱ፣ ታቹን ቅቤ ቀቡ፣ ደርድሩ፣ ስጎውን አፍስሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ። በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ የጨርቁን ጫፍ ከእሳቱ አርቃችሁ ከላይ ቋጥሩት። ፍርፋሪውን ለብቻው መጥበሻ ላይ በቅቤ አቅልታችሁ ሲቀርብ ነስንሱበት።

ድንቹ አንድ ሰዓት ተኩል ተጋግሮም አልበሰለም። ኦቨኔ ተበላሽቶ ይሆን?

ምናልባት ኦቨኑ ደህና ነው። ቲማቲም አብሮት ነበር? አንድ ጊዜ እንግዳ ጠርቼ ጥሬ ድንችና የቲማቲም ስጎ ደርድሬ አስገባሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላም ድንቹ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። እንግዶቼን ዳቦና ሰላጣ አበላሁ። በጣም አዝኜ ምክንያቱን ፈለግሁ።

የአትክልትን ሴሎች አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ሲበስል ፔክቲኑ ይላላል፤ አትክልቱ ይለሰልሳል። አሲድ ግን ፔክቲኑ እንዳይላላ ያደርገዋል። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ አላቸው። ስለዚህ ድንችና ካሮትን ከቲማቲም ጋር መደርደር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ እስኪለሰልሱ ቀቅሏቸው። ሎሚ የምትጨምሩ ከሆነ ከኦቨን ከወጣ በኋላ ይሁን።

ይህንኑ ነገር ለጥቅምም ማዋል ይቻላል። ቁራጩ ቅርጹን እንዲይዝ ስትፈልጉ መቀቀያው ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሩ።

ስጎው ለምን ይቆራረጣል?

ስብ የሌለው ወተት ወይም እርጎ ከአሲድና ከኃይለኛ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፕሮቲኑ ይቋጠራል። ዱቄት ያለበት ስጎ ይህን ይቋቋማል፤ ስታርቹ ፕሮቲኑን ያረጋጋዋል። በእርጎ መሥራት ከወደዳችሁ ለ500 ግራም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት አስቀድማችሁ ምቱበት። ቺዝም ስጎው እየፈላ ሳለ አይገባም። ከእሳት አውርዱ፣ ጥቂት ይብረድ፣ ከዚያ ጨምሩ።

ድንቹ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዝኩኒው ደግሞ ይመራል። ሲበስል ይጠፋል?

አይጠፋም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እለምናችኋለሁ። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ራሱ ጉዳት የለውም፣ ግን ያው ብርሃን ሶላኒን የሚባል መርዝ እንዲጨምር ያደርጋል። ማብሰል ሶላኒንን አያጠፋውም። ትንሽ ቦታ ብቻ ከሆነ ወፈር አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ የበቀለውን ዓይን አብራችሁ አውጡ። ብዙው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከመረረ ድንቹ በሙሉ ይጣል።

ዝኩኒና ዱባም አንዳንዴ ኩከርቢታሲን የሚባል በጣም መራራ ነገር ይይዛሉ። ይህም በሙቀት አይጠፋም፤ ሆድ ክፉኛ ያማል። አንድ ሳህን ሙሉ ከመሥራታችሁ በፊት ከጥሬው ጫፍ ምላስ ላይ ነካ አድርጉና ቅመሱ። መራራ ከሆነ ትፉት፤ ያን ፍሬ ጣሉት። ለገበሬው መንገርም አትርሱ፤ ከዚያው ተክል ሌላ ሰው ዘንድ የሄደ ይኖራል።

የተረፈውን ስንት ቀን ላቆየው? ፍሪዘር ውስጥስ ይገባል?

ከኦቨን በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት መሐሉ በደንብ እስኪተን ድረስ፤ መለኪያ ካላችሁ 74 ዲግሪ። ማይክሮዌቭ ላዩን ያረጥበዋል። ኦቨን ውስጥ በ170 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ቢቀመጥ ፍርፋሪው መልሶ ይንኮሻኮሻል።

ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ዱባ፣ ካሮትና ቆስጣ ያለበት ምንም አይሆንም። የድንች ቁራጭ ግን ሲቀልጥ ዱቄት ዱቄት ይላል። ለማቀዝቀዝ ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ድንቹን ፈጭታችሁ እንደ ክዳን ላዩ ላይ አልብሱት፤ ያ በጣም ይመቻል።

ማታ ደርድሬ በማግስቱ መጋገር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጥሬ ድንች አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ቀድሞ የተቀቀለ ድንች ተጠቀሙ ወይም ሁሉም ቁራጭ ስጎው ውስጥ መስመጡን አረጋግጡ። ፍርፋሪውን ማታ አትነስንሱ። እርጥበት ስቦ ጭቃ ይሆናል።

ሁለተኛው ሳህኑ ነው። የመስታወት መጋገሪያ ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመጋገሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። የብረት መጋገሪያ ከሆነ ይህ ችግር የለውም፤ ሆኖም ቀዝቃዛ ስለሚገባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጨምሩለት፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በፎይል ሸፍኑት።